ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። የመዘምራን ልምምድ አልቆ፣ ገመዱ እየተጠቀለለ፣ ወንበሩ እየተደረደረ ሳለ አንዱ ይጀምረዋል፤ «ኤሌክትሮኒክ ድራም ድራም አይባልም፤ የልጅ መጫወቻ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አኮስቲኩ እኮ ጆሯችንን ጨረሰው!» ብሎ ይመልሳል። ድራመሩ በአንድ ወገን፣ የድምፅ ባለሙያው በሌላው ወገን ይቆማል። ዘማሪዎቹ «ብቻ የእኛም ድምፅ ይሰማ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ይላሉ። ክርክሩ ሳይቋጭ በሩ ይቆለፋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቆመበት ይቀጥላል።

እኔም ሰባት ዓመት ሙሉ ድራም ስመታ በዚህ ክርክር ውስጥ ነበርኩ፤ የቆምኩበትም ወገን የታወቀ ነበር። ዛሬ ወደ ክርክሩ የምመለሰው ግን የትኛው ዕቃ እንደሚሻል ልፈርድላችሁ ብዬ አይደለም። ከክርክሩ ሥር ሌላ ጥያቄ ተኝቷል፤ እኛ ያንን ጥያቄ ሳንጠይቅ በመቅረታችን አንድ ቤተሰብ በድለናል። ጥያቄው ይህ ነው፦ እኔ የማወጣው ድምፅ እኔ ዘንድ አይቀርም፤ ሄዶ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ታዲያ ስለዚያ ሰው የሚጠየቀው ማን ነው?

ሁለቱ ዕቃዎች

መጀመሪያ ስለምንነጋገርበት ነገር እንግባባ። አኮስቲክ ድራም ማለት በክብ ቀፎ ላይ ስስ ሽፋን ተወጥሮ፣ ያ ሽፋን ሲመታ በውስጡ ያለውን አየር የሚያናውጥ መሣሪያ ነው። ሽፋኑ ዱሮ የከብት ቆዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ግን አብዛኛው ፕላስቲክ ሆኗል። በእግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም፣ ከሥሩ ሽቦ የተዘረጋበት ስኔር፣ ቶሞቹ፣ ከመዳብና ከቲን ቅይጥ የሚሠሩት ሲምባሎች፣ በግራ እግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ሃይ-ሃት፣ ሁሉም ተደምረው አንድ ሰው በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚያዝዛቸው ስብስብ ናቸው። ድምፃቸው ኤሌክትሪክ አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱም ማይኩም ዝም ይላሉ፤ ድራሙና የአገራችን ከበሮ ግን እንደቆሙ ይቀራሉ።

ኤሌክትሮኒክ ድራም ሌላ መንገድ አለው። የምትመቱት ፓድ ጎማ ነው፣ ወይም እንደ ወንፊት የተሠራ መረብ። ከሥሩ ያለች ትንሽ ሴንሰር ምቱ መቼ እንደመጣና ምን ያህል እንደበረታ ለክታ ሞጁል ለሚባለው ሣጥን ትነግረዋለች። ብዙውን ጊዜ ሞጁሉ አስቀድሞ ከእውነተኛ ድራም የተቀዳ ድምፅ ከማኅደሩ አውጥቶ በስፒከር ወይም በሄድፎን ያሰማል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሚዲ በተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ሥርዓት የአንድ ምት ብርታት ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ሹክሹክታ የሚመስለው ምታችሁም፣ ጣሪያ የሚያነቃንቀው ምታችሁም በእነዚያ ቁጥሮች መካከል ይውላል። በመጨረሻ ድምፁ ምን ያህል ይጩኽ የሚለውን የሚወስነው ግን እጃችሁ ሳይሆን አንዲት ማዞሪያ ቁልፍ ናት።

ይህችን ቁልፍ አስታውሱ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

«ውሸት ነው» ለሚሉ

ኤሌክትሮኒኩን የምንቃወም ሰዎች ትልቁ ክሳችን የእውነት ጉዳይ ነበር። «በአምልኮ የምናቀርበው ነገር እውነተኛ መሆን አለበት፤ ይህ ግን ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ድራም ላይ የመታው ድምፅ ነው» እንል ነበር። ክሱ ቀላል አይደለም፤ በጥንቃቄ እንየው።

ውሸት ውሸት የሚሆነው የሚታለል ሰው ሲኖር ነው። ፓድ የሚመታ ሰው ማንንም አያታልልም፤ ጉባኤው ፓዱን ያያል። መቼ እንደሚመታ፣ መቼ እንደሚተው፣ ምን ያህል እንደሚያበረታ የሚወስነው ራሱ ነው። የተዋሰው የድምፁን መልክ ብቻ ነው። ነገሩ ውሰት ከሆነ ደግሞ አኮስቲኩም ውሰት አለበት። ሲምባሉን ያቀለጥኩትና የቀጠቀጥኩት እኔ አይደለሁም፤ የቀፎውን እንጨትም እኔ አላበቀልኩትም። የምኮራበትን ድምፅ ግማሹን ያገኘሁት ከማላውቀው ሠራተኛ እጅ ነው።

«ይዘገያል» የሚለውም ክስ እንዲሁ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከአኮስቲኩ ድራም 20 ሜትር ርቃ የተቀመጠች እኅት ምቱን የምትሰማው ወደ 60 ሚሊሰከንድ ዘግይታ ነው። አንድ ጥሩ ሞጁል የሚያዘገየው ጥቂት ሚሊሰከንድ ድራመሩ ከድራሙ አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ እንደመቀመጥ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ከክሱ ውስጥ አንድ እውነት ይተርፋል። አኮስቲክ ድራም መልስ ይሰጣችኋል። ስኔሩን መሀሉን ስትመቱትና ጠርዙን ስትመቱት ድምፁ ይለያል። ሲምባሉ ካለፈው ምት ሳይረጋ ደግማችሁ ስትነኩት ሌላ ነገር ይናገራል። አዳራሹ ሰው ሲሞላውና ባዶ ሲሆን ድራሙ አንድ ዓይነት አይደለም። ብሩሽ ይዞ ስኔሩን በመጥረግ የሚገኘውን ለስላሳ ድምፅ ብዙዎቹ ፓዶች እስከ ዛሬ በቅጡ አያወጡትም። አኮስቲክ የሚመታ ሰው ሙሉ በሙሉ ከማይታዘዝለት ነገር ጋር መኖርን ይማራል። ይህን ትምህርት አላቃልለውም፤ ድራም የሚጀምር ልጅ ቢቻል በአኮስቲክ በኩል እንዲያልፍ እመርጣለሁ።

ግን አስተውሉ። ይህ ሁሉ ክርክር በመቺውና በመሣሪያው መካከል ያለ ነው። ሦስተኛ ሰው የለበትም። እኛም ለዓመታት የተከራከርነው ሦስተኛውን ሰው ረስተን ነው።

በሩ ላይ የቆሙት እናት

አዳራሻችን ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነበር። ከጎኑ፣ አጥር ብቻ ለይቶን፣ አንድ የጭቃ ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ፣ እሑድ ጠዋት አምልኮ፣ ረቡዕ ማታ ደግሞ የጸሎት ፕሮግራም ነበረን። አንድ ቅዳሜ በልምምዱ መሀል ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ፤ አላቆምኩም። መዝሙሩ ሲያልቅ መሪያችን ወጣ። «ልጆቼ፣ ዝማሬያችሁን ጠልቼ አይደለም» አሉ፤ «ይቺን ግም ግም የምትለዋን ብቻ ትንሽ ቀነስ ብታደርጉልኝ።»

መሪያችን በትሕትና «እሺ እናቴ» ብሎ ሸኛቸው። ተመልሶ ግን «በርቱ! ጠላት ሲናደድ ጌታ እየሠራ ነው ማለት ነው» አለን። ሁላችንም «አሜን» አልን። እኔ ስቲኬን አንሥቼ ከበፊቱ አብልጬ መታሁ። ለሁለት ሳምንት ስማቸውን እንኳ ሳናውቅ ጸለይን። ጸሎታችንም ስለ እርሳቸው ሳይሆን በእርሳቸው ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስንመጣ ከአጥሩ ማዶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ባለቤታቸው አርፈዋል። ለወራት አልጋ ላይ የዋሉ ሰው ናቸው፤ አልጋቸውም ከእኔ ድራም የሚለየው በሁለት ግድግዳና በአንድ አጥር ብቻ ነበር። ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣቸው ነበርና ቤተሰቡ ከሰዓት በኋላ ሸለብ የሚያደርጋቸውን ጊዜ እንደ ትልቅ ነገር ይጠብቀው ነበር። ይህን የሰማነው ለቅሶ ልንደርስ ስንገባ ከጎናችን ከተቀመጠ የሰፈር ሰው ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን «ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ?» ብለን አልጠየቅንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኛ ግን ቅርብ ሆነን ከሩቁ ዘመድ የባስን ሆንን።

ማንም አልወቀሰንም። እናቲቱ ራሳቸው «መጣችሁ ልጆቼ፤ ተባረኩ» ብለው ቦታ ሰጡን። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው።

ያልፈታው መፍትሔ

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተነጋገሩበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ውጭ አገር በሚኖር በአንድ ወንድም ስጦታ ኤሌክትሮኒክ ድራም ተገዛ፤ አኮስቲኩ ተሸፍኖ ዕቃ ቤት ገባ። እኔ አኮረፍኩ። ጓደኞቼ «ፕላስቲክ መቺ» እያሉ ቀለዱብኝ። በዚያ ላይ ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደተባለው፣ ሌሎች ሲመቱት ቀላል ይመስለኝ የነበረው ፓድ እኔን አልታዘዝ አለኝ። ቢሆንም ችግሩ ተፈታ ብለን አመንን። ድራሙ ራሱ አይጮኽም፤ ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረችው ያቺ ቁልፍ ነበረች። ከጉባኤው አንዱ «ድራሙ ደከመ» ባለ ቁጥር የድምፅ ባለሙያው ትንሽ ይጨምራል። ድራሙ ሲጨምር ዘማሪዎቹ ስለማይሰማቸው ማይኩ ይጨመራል። ማይኩ ሲጨመር ድራሙ እንደገና «ይደክማል»። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የጨመረው ትንሽ ትንሽ ነው። የቤዝ ድራሙ ድምፅ ለዝቅተኛ ድምፅ በተሠራው ትልቁ ስፒከር ሲወጣ ከእንጨቱ ድራም ይልቅ ሩቅ መሄድ ጀመረ።

አንድ ቀን እናቲቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ምስጋና እየጠበቅኩ «አሁንስ ተሻለ እናቴ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ያኛው እንኳ ሲደክማችሁ ያርፍ ነበር» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ገብቼ ልስማው ብዬ ለመንኳቸው። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ማታ ሌላ ልጅ ሲመታ እኔ ቤታቸው ገብቼ፣ ባለቤታቸው ተኝተውበት በነበረው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቡና አፍልተው ነበር። አዳራሻችን ውስጥ መዝሙር ተጀመረ። የትኛው መዝሙር እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን አቀናሁ፤ አልቻልኩም። ቃሉ አይሰማም። ዜማው አይሰማም። የሚሰማው «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ዱም ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ በቀላሉ ይታገዳል፤ ወፍራሙና ዝቅተኛው ድምፅ ግን ግድግዳውን ራሱን እያናወጠ ያልፋል። ስለዚህ ስለ ጌታ ፍቅር የምንዘምረው ቃል እኛው ዘንድ ቀርቶ ወደ ጎረቤታችን ቤት የሚሻገረው ድብደባው ብቻ ነበር። ለዓመታት ለዚያ ቤት የሰበክነው ስብከት ያ ነበር።

ሁለት ማመካኛዎች

በዚያች ማታ የገባኝን ልንገራችሁ። ሁለቱ ድራሞች ሁለት የተለያዩ ማመካኛዎችን ይሰጡናል።

የአኮስቲኩ ማመካኛ «ተፈጥሮው ነው» የሚል ነው። ድራም ይጮኻል፤ ምን ላድርገው? ይህን ቃል ከድራም ውጭም ታውቁታላችሁ። «እኔ እንዲህ ነኝ፤ ግልጽ ሰው ነኝ» እያለ የሰው ልብ የሚያቆስል ወንድም በየኅብረቱ አለ። ግን እንደምታውቁት አኮስቲክ ድራም ቀስ ብሎም ይመታል። ቀጭን ስቲክ አለ፣ ብሩሽ አለ፣ በሽፋኑ ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግ አለ። ከሁሉ በላይ ግን የሚገታ እጅ አለ። ጩኾ መምታት ማንም በሳምንት ይለምደዋል፤ ዝግ ብሎ እየመቱ ምቱን ሳያዛንፉ መያዝ ግን ዓመታት ይፈጃል። «ተፈጥሮው ነው» ያልኩት አብዛኛውን ጊዜ የድራሙን ተፈጥሮ ሳይሆን የእኔን ስንፍና ነበር።

የኤሌክትሮኒኩ ማመካኛ ደግሞ «ቁልፉ በእኔ እጅ አይደለም» የሚል ነው። ድራመሩ «የድምፅ ባለሙያውን ጠይቁ» ይላል። የድምፅ ባለሙያው «ጉባኤው ነው ጨምር ያለኝ» ይላል። ጉባኤው «መሪዎቹ ያውቃሉ» ይላል። መሪዎቹ «እኛማ የማይጮኽ ድራም ገዝተናል» ይላሉ። እያንዳንዱ የተናገረው እውነት ነው፤ ስኒው ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ኃላፊነት እንደ ዳቦ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ሲቆረስ የአንዱ ድርሻ አያንስም። አምስት ሰዎች አንድ ሸክም ሲተዉ ሸክሙ አምስት ቦታ አይከፈልም፤ መሬት ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ያለፈ ሰው ላይ ይወድቃል።

ከሁለቱ የትኛው ይከፋል ብትሉኝ ሁለተኛው እላለሁ። በአኮስቲኩ የሚመታው እጅና መግታት የሚችለው እጅ አንድ ነው። ሰውየው ባይገታ እንኳ ጩኸቱ የራሱ እንደሆነ ያውቃል። በኤሌክትሮኒኩ ግን የሚመታው ሌላ፣ የሚገታው ሌላ ሆነ። በመካከላቸው ባለው ክፍተት ሰው ይረሳል። ስለዚህ ዘመናዊው ዕቃ ከእኛ የሚፈልገው ንግግር ይበዛል እንጂ አያንስም።

ሦስተኛው ሰው ሁልጊዜ ከአጥሩ ውጭ ነው ብላችሁም አታስቡ። እናት ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን አለ፤ እጁን ጆሮው ላይ ማድረግ ገና አልተማረም። ከፊት ወንበር የማይነሡ አረጋዊ አሉ። የራሳችሁ ጆሮም አለ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ምክር መሠረት ሰው በ85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት እያለ በ100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አኮስቲክ ድራም ጠንክሮ ሲመታ በመቺው ጆሮ ዘንድ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ሄድፎንም ከፍ ከተደረገ ከዚያ አይሻልም። እኔ ዛሬ ሌሊት ጸጥ ሲል በግራ ጆሮዬ፣ ሃይ-ሃቱ በነበረበት በኩል፣ የማታቋርጥ ቀጭን ፉጨት ትሰማኛለች። ይህን ጆሮ የሰጠኝ ጌታ ነው፤ በአደራ እንጂ እንደፈለግኩ እንዳደርገው አልነበረም።

በሹክሹክታ የዘመሩት

ይህን ነገር ለኅብረታችን ስናገር አንድ አባት ተቃወሙኝ። ተቃውሟቸው የሚከበር ስለሆነ አልደብቃችሁም። «ልጄ» አሉ፤ «እኛ በደርግ ዘመን በሹክሹክታ ዘመርን። ዛሬ ጌታ ነጻነት ሰጥቶን ሳለ በገዛ ፈቃዳችን ዝም እንበል?»

ነገሩ እውነት ነው። ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው ሥርዓት ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ አማኞች በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይዘመር ነበር። ያንን ያሳለፈ ሰው «ቀንሱ» የሚል ቃል ሲሰማ የድሮው ቁስል ቢነካበት አይፈረድበትም። እኛም ወጣቶቹ የእናቲቱን ልመና እንደ ስደት የቆጠርነው ከዚያ በወረስነው ጆሮ ስለሰማነው ይመስለኛል።

ነገር ግን ረጅም ጊዜ ካሰብኩ በኋላ ለእኒያ አባት ይህን መለስኩላቸው፦ «አባቴ፣ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ትውልድ የለም። ድምፃችሁን የለካችሁት ከፍርሃት ብቻ አይደለም። ቤቱን የሰጣችሁ ሰው እንዳይታሰርባችሁ ስለ እርሱም ብላችሁ ነው። ነጻነት ሲመጣ ፍርሃቱ ይቅር፤ ለሰው መሳሳቱ ግን ለምን ይቅር?» ዝም ብለው አዩኝና «እሱስ ልክ ነህ» አሉ።

በግድ ዝም መባልና ሰውን አውቆ ዝቅ ማለት ሁለት ነገር ናቸው። እርግጥ ነው፣ የሚያማርር ጎረቤት ሁሉ ትክክል አይደለም። ዝማሬውን ራሱን የሚጠላም ይኖራል። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ቤቱ ገብታችሁ ቡና ሳትጠጡ አታውቁም። እኛ ሳንገባ ፈረድን።

ቃሉም ቢሆን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የመዝሙረ ዳዊት የመጨረሻው ምዕራፍ ጸናጽልን ከምስጋና መሣሪያዎች ጋር ይቆጥረዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ፍቅር የሌለውን ሰው የሚመስለው በዚያው በጸናጽል ጩኸት ነው። ብረቱ አንድ ነው፤ ሲምባላችሁም የዚያው ቤተሰብ ነው። አንዱ ምስጋና ሌላው ባዶ ጩኸት የሆነው በመሣሪያው ልዩነት አይደለም። ምሳሌ 27፥14ን ደግሞ ራሳችሁ ክፈቱና አንብቡት። ሰው ለባልንጀራው የሚናገረው ቡራኬ እንኳ ያለ ሰዓቱና ያለ ልኩ ከተጮኸ ለሰሚው እርግማን ሊሆንበት እንደሚችል ይናገራል። እኛ ቡራኬ ይዘን ነበር፤ ሰዓቱንና ልኩን ግን የጠየቅነው ራሳችንን ብቻ ነው።

ታዲያ የትኛው?

መልስ ሳልሰጥ ብጨርስ አትወዱልኝም። አዳራሻችሁ ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ያለ ከሆነ አኮስቲኩን ምረጡና ዝግ ብሎ መምታትን ተማሩ። ከሰው ቤት ጋር አጥር የምትጋሩ ከሆነ ኤሌክትሮኒኩን ምረጡ፤ ግን ቁልፏን ያለ ጠባቂ አትተዉአት። ገንዘብ ከሌላችሁ አንድ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃል። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ ደረጃ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህን ማክበር የዜጋ ግዴታ ነው፤ ለጎረቤት ፍቅር ግን መነሻው እንጂ ጣሪያው አይደለም።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። አንድ ቅዳሜ የድምፅ ባለሙያችን ሚክሰሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ድራሙን መታሁ፤ አንዲት እኅት ስልክ ይዛ እናቲቱ ቤት ገባች። እርሳቸው «ቀንስ በሉት… አሁንም ቀንስ… እህ፣ እዚህ ጋ ይሁን» አሉ። እዚያ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍን። ከዚያች ምልክት በላይ ማንም እንዳይሄድ ተስማማን፤ ልኩን የመረጡት ከእኛ ጋር የማያመልኩ ጎረቤት ናቸው። በማግስቱ እሑድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ጉባኤው ራሱ ሲዘምር ተሰማ። አሮጊቶቹ ሲዘምሩ፣ ሕፃናቱ ሲያዛንፉ፣ ሁሉም ተሰማ። ያ ድምፅ እዚያው ነበር፤ እኛ ነን የሸፈንነው።

አኮስቲኩን እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ። ሲምባሉ እጄ ላይ የሚመልሰው ንዝረት በፓድ አይገኝም። ይህን የምጽፈው የጎደለብኝን አጥቼው አይደለም። ለእናቲቱ የመጣው እፎይታም ለባለቤታቸው አልደረሰም። ሚክሰሩ ላይ ያለችውን ነጭ ፕላስተር ባየሁ ቁጥር ከሁለት ዓመት በፊት ልትለጠፍ ትችል እንደነበር አስባለሁ።

ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ልምምድ፣ «የትኛው ድራም ይሻላል?» የሚለው ክርክር ከመጀመሩ በፊት፣ አንዳችሁ መሣሪያውን አስቀምጡና ውጡ። ጓደኞቻችሁ መዝሙሩን ይቀጥሉ። እናንተ አጥሩን ዙሩ፤ ከሰው ቤት ግድግዳ አጠገብ ቁሙ፤ ቢፈቀድላችሁም ግቡና ተቀመጡ። የሚሰማውን ስሙ። ቃሉ ይሰማል? ወይስ ምቱ ብቻ?

ከዚያ ተመለሱና የሰማችሁትን ለድራመራችሁ ንገሩት። ድራመሩ እናንተ ከሆናችሁ ግን ማንንም አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ።